ይድረስ «እንደ ጃፓን» ለምትሉ ሁሉ

ለታሪክ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ለሥልጠና መድረክ ተናጋሪዎች፣ እንዲሁም የሜይጂን ዘመን (ጃፓን በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሥር የዘመነችበትን ጊዜ) በክፍል ውስጥ ለምታስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ

ጉዳዩ፦ የጃፓን ሥልጣኔ ሲተረክ ስለሚቀሩት ሴቶች

የተከበራችሁ፣ እንደምን ከርማችኋል?

ጃፓን በእኛ ንግግር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ኖራለች። በ1905 ሩሲያን ድል ስታደርግ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዐድዋ ወሬ ገና ከጆሮው ያልወጣ ትውልድ ነበር አገር ቤት ያለው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን እያነሡ መክረውናል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1931ን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ ዋና ምንጫቸው የሜይጂው ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቶኪዮ ድረስ ተጉዘው ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል። ዛሬም ካይዘን የሚባለውን የጃፓን አሠራር ማሻሻያ ዘዴ የሚያሠለጥን ተቋም አለን፤ የምርታማነት ሥልጠና በጃፓን ተጀምሮ በጃፓን ያልቃል። ከዚህ ሁሉ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከትረካው ጋር ነው።

ትረካውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በ1868 ሾጉኑ፣ ማለትም አገሪቱን ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ፣ ወረደ፤ ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ሥልጣን ያዘ፤ በ1872 ከሺምባሺ እስከ ዮኮሃማ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ሳሙራዮች የተባሉት የጦረኛ መደብ ሰዎች ሰይፋቸውን ሰቅለው ሚኒስትርና ባለ ፋብሪካ ሆኑ፤ በ1889 ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ በ1895 ቻይና፣ በ1905 ሩሲያ ተሸነፈች። ወንዶች ገቡ፣ ወንዶች ወጡ። ሴት ከተነሣችም ኪሞኖ ለብሳ ሻይ ስታቀርብ ነው። ከዚያ ዘመን በስም የምናውቃት አንዲት ጃፓናዊት ብትኖር፣ ከኢትዮጵያ ንጉሣውያን ቤተሰብ ወገን ለሆኑት ለልጅ አርአያ አበበ ታጭታ ነገሩ በ1934 የፈረሰው ማሳኮ ኩሮዳ ናት። እርሷም ብትሆን የምትታወሰው ሳትመጣ በመቅረቷ ነው።

ሴቶቹን ጨምሩልን የምለው የሴቶች ቀን ሲደርስ ለሚነበብ ጽሑፍ ማሟያ ይሆናሉ ብዬ አይደለም። ያለ እነርሱ ታሪኩ ራሱ አይገባም። መርከቡና መድፉ በማን ገንዘብ እንደ ተገዛ አይታወቅም። «የጃፓን ጥንታዊ ባህል» እያልን የምናደንቀው የቤት ሥርዓትም ማን፣ መቼ እንደ ጻፈው ይሰወርብናል።

ከገንዘቡ ልጀምር።

ጃፓን ያላት የነዳጅ ዘይት ጥቂት ነበር፤ ወርቋም የሚያወላዳ አልነበረም። ለውጭ ገበያ የምታቀርበው ዋናው ዕቃ ጥሬ ሐር ነበር፤ በሜይጂ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከላኪ ዕቃዎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ዘልቋል። በ1909 ገደማ ቻይናን ቀድማ በዓለም ትልቋ የጥሬ ሐር ላኪ ሆነች። የውጭ ማሽን፣ የውጭ መርከብ፣ የውጭ መሐንዲስ ደመወዝ የሚከፈለው ከዚህ በሚገኝ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐሩን ከትሉ እንክብል ፈትቶ ክር የሚያደርገው ደግሞ የሴት ልጅ እጅ ነበር።

መንግሥት በ1872 በቶሚዮካ አርአያ የሚሆን የሐር ክር ፋብሪካ ከፈተ። ግንቡ ከሸክላ ጡብ፣ መስኮቱ ከመስታወት ነው፤ ማሽኑ በእንፋሎት ይሠራል፤ 300 የመፍተያ ገበታዎች አሉት፤ ሥራውን የሚመራው ፖል ብሩና የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሁሉ ነገር ከተሟላ በኋላ ሠራተኛ ጠፋ። ፈረንጆቹ ቀይ ወይን ሲጠጡ ያየ ሰው «የልጃገረድ ደም ይጠጣሉ» ብሎ አወራ፤ ወሬው አገር አዳረሰ፤ ልጁን የሚሰጥ አባት ታጣ። በመጨረሻ የፋብሪካው ኃላፊ ኦዳካ አጹታዳ የ14 ዓመት ልጃቸውን ዩን አምጥተው በመጀመሪያው ገበታ ላይ አስቀመጧት። የጃፓን ኢንዱስትሪ በር የተከፈተው በአንዲት ልጅ ነው ብል አላጋነንሁም።

በቀጣዩ ዓመት ከማጹሺሮ ከሳሙራይ ቤተሰብ የተወለደች ኤይ የምትባል ልጅ ከጓደኞቿ ጋር መጣች። በኋላ ዋዳ ኤይ ተብላ የታወቀችው እርሷ ናት፤ በእርጅናዋ ዘመን ያን ጊዜ በዝርዝር ጽፋዋለች። የጡብ ግንብ ከዚያ በፊት ያየችው በሥዕል ብቻ ነበር። ፋብሪካው ሐኪም ነበረው፤ እሑድ ዕረፍት ነው፤ የቀኑ ሥራ ስምንት ሰዓት ያህል ነው። ልጆቹ ጥሩ ክር ለማውጣት ይፎካከራሉ፤ «ለአገር ነው» ይሉ ነበር፤ ከልባቸውም ነበር። ኤይ ሙያውን ተምራ ወደ ትውልድ አገሯ ተመለሰችና በአዲስ ፋብሪካ ሌሎችን አሠለጠነች። ቶሚዮካን የሚያነሣ ጽሑፍ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የበለጠ ያስተምራል።

ቶሚዮካ ማሳያ ነበር። ትርፉ የተገኘው ከግል ፋብሪካዎች፣ በተለይም በናጋኖ በሱዋ ሐይቅ ዳር ከበቀሉት የኦካያ ፋብሪካዎች ነው። እዚያ የቀኑ ሥራ 13 እና 14 ሰዓት ደረሰ። ሥራው ምን ይመስል እንደ ነበር በቅርብ እንየው። እንክብሎቹ በፈላ ውኃ ይነከራሉ፤ ልጅቱ ጣቶቿን ወደ ሞቃቱ ገንዳ ሰድዳ የክሩን ጫፍ ትፈልጋለች። የአንዱ እንክብል ክር ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ የበርካታውን ጫፍ አንድ ላይ አጣምራ ከመጠቅለያው ታያይዛለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላ መተካት አለባት፤ ከዘገየች ክሩ ይቀጥናል፤ ከቸኮለች ያብጣል። ክፍሉ በእንፋሎት የታፈነ ነው፤ የተቀቀለው ትል ሽታ ከልብስ አይለቅም፤ የጣቷ ቆዳ ይነጫል፣ ይላጣል። በክረምት ከዚያ ሙቀት ወጥታ በረዶ ላይ ተራምዳ ወደ ማደሪያዋ ትሄዳለች። የሳንባ ነቀርሳ እንደ ልቡ የጨፈረው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። የታመመችው ወደ መንደሯ ትላካለች፤ በሽታውም አብሯት ይሄዳል።

ደመወዙን የፈጠረው ሰው ግን እጅ በአፍ የሚያስጭን ብልሃተኛ ነበር። የእያንዳንዷ ልጅ ክር በየቀኑ በክብደት፣ በውፍረትና በልስላሴ ይለካል። ከዚያ ከሁሉም አማካይ ጋር ይነጻጸራል። ከአማካዩ በላይ የሠራችው ይጨመርላታል፤ በታች የሠራችው ይቀነስባታል። ባለ ፋብሪካው የሚያወጣው ጠቅላላ ደመወዝ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው። ሁሉም ልጆች በርትተው ሁለት እጥፍ ቢሠሩ እንኳን ባለቤቱ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም፤ የአንዷ ጭማሪ ከጓደኛዋ ኪስ የወጣ ነው። የምርታማነት ሥልጠና የምትሰጡ ሆይ፣ ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጻፉትና ሠልጣኞቻችሁ ምን እንደሚሉ ስሟቸው።

ውሉን የሚፈርመው አባት ነው። ቀብድ የሚቀበለውም እርሱ ነው። ልጅቱ ውሉ ሳያልቅ ከሸሸች ቤተሰቡ ቀብዱን ከነመቀጮው ይመልሳል፤ ስለዚህ በር ባይቆለፍ እንኳን መሄጃ የላትም። በሩም ይቆለፍ ነበር። ከሂዳ ተራራማ መንደሮች የሚመጡት ልጆች ወደ ኦካያ ለመድረስ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የኖሙጊን መተላለፊያ በእግራቸው ያቋርጡ ነበር፤ ለአዲስ ዓመት ሲመለሱም በበረዶ ውስጥ ነው፣ ደመወዛቸውን በጉያቸው ሸሽገው።

እዚህ ላይ ግን ለቅሶ ብቻ አድርጋችሁ እንዳትጽፉት እለምናለሁ። በዓመት 100 የን የምታገባ ጎበዝ ፈታይ በመንደሯ ስሟ ይጠራ ነበር፤ በእርሷ ገንዘብ ዕዳ ተከፍሏል፣ መሬት ተገዝቷል። ካረጁ በኋላ ከተጠየቁት ሴቶች ብዙዎቹ ከእርሻው ሥራ ፋብሪካው ይሻል እንደ ነበር ተናግረዋል፤ ቤታቸው በዓመት በዓል ብቻ የሚቀመሰውን ነጭ ሩዝ እዚያ በየቀኑ በልተዋልና። ቤት ውስጥ የነበረው ድህነት ምን ያህል ቢከፋ ነው ያ ኑሮ የተመረጠው?

ዝም ብለው የተቀመጡም እንዳይመስላችሁ። በሰኔ 1886 በኮፉ ከተማ ባለ ፋብሪካዎቹ ተማክረው ሰዓት የሚያስረዝምና ደመወዝ የሚቆርጥ ደንብ አወጡ። በአሜሚያ የሐር ፋብሪካ ከ100 በላይ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ወጥተው በአንድ ቤተ መቅደስ ተሰበሰቡ። ባለቤቱ የወሰደባቸውን በከፊል መለሰ። በጃፓን የፋብሪካ ሠራተኞች ታሪክ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበር የሚባል ነገር አልነበረም፤ አብዛኞቹም በእኛ አነጋገር ገና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ናቸው። ሕጉ ግን እግሩን እየጎተተ መጣ። የፋብሪካ ሕግ በ1911 ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1916 ነው፤ የሴቶችን ቀን ሥራ በ12 ሰዓት ወሰነ፤ የሌሊት ሥራቸውን ያስቀረው ደግሞ በ1929 ነው። ዩ በቶሚዮካ የመጀመሪያው ገበታ ላይ ከተቀመጠችበት እስከዚያ 57 ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ፤ ዋናው ነገሬም ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ ሲነገር የምሰማው፣ «ጃፓን ዘመናዊ ሆነች፤ ሴቶቿን በተመለከተ ግን ከጥንቱ ባህል አልላቀቅም አለች» የሚል ነው። በቅደም ተከተል ሲታይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሴቶቹን ከአደባባይ ያስወጣቸው አዲሱ ሕግ ነው፤ ያውም ባቡሩን በዘረጋው፣ ፓርላማውን ባቋቋመው፣ ከአውሮፓ የሕግ አማካሪ ባስመጣው መንግሥት የተጻፈ።

ከፀጉር እንጀምር። በ1871 ወንዶች የሳሙራይ ቁንጮአቸውን እንዲቆርጡ ተፈቀደ፤ የተቆረጠ ፀጉር የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። አንዳንድ ሴቶችም «እኛስ?» ብለው ቆረጡ። በ1872 ሴት ፀጉሯን እንዳታሳጥር የሚከለክል ትእዛዝ ወጣ። ወንዱ አዲስ እንዲመስል፣ ሴቷ አሮጌ እንድትመስል በአንድ እጅ ተጻፈ።

በ1878 በኮቺ ከተማ ኩሱኖሴ ኪታ የተባሉ መበለት ለአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ሊሰጡ ሄዱ። ባላቸው ሞቶ እማወራ ሆነዋል፤ ግብር በስማቸው ይከፍላሉ። «ሴት አትመርጥም» ተባሉ። እርሳቸውም እንደ አባወራ ግብር የምታስከፍሉኝ ከሆነ እንደ አባወራ ልምረጥ፤ መብቱ ከሌለኝ ግብሩም ይቅር ብለው አቤቱታ ጻፉ፤ የጠቅላይ ግዛቱ መልስ አላረካቸውም፤ ጉዳዩን ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር ወሰዱት። ሕዝቡ «የሕዝብ መብት አያት» የሚል ስም አወጣላቸው። በ1880 በዚያው አካባቢ በካሚማቺ ሴት እማወራዎች እንዲመርጡ ተፈቀደ። ዘመኑን ልብ በሉ፤ በአውሮፓ ሴቶች ለአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡበት አንድም አገር አልነበረም። ሆኖም ከአራት ዓመት በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ ምርጫን ደንብ ወጥ ሲያደርግ መብቱ ተነጠቀ። መንደሩ የሰጠውን ዋና ከተማው ወሰደው።

ኪሺዳ ቶሺኮ ደግሞ በቤተ መንግሥት ደንገጡር ሆና እቴጌይቱን የቻይና ክላሲክ ታስተምር የነበረች ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት የኪዮቶ ልጅ ናት። ቤተ መንግሥቱን ትታ ወጣችና በ1882 በኦሳካ መድረክ ላይ ስለ ሴቶች መብት መናገር ጀመረች፤ አዳራሽ ይሞላላት ነበር። በ1883 በኦጹ ከተማ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን በሣጥን ዘግተው ስለሚያሳድጉበት ልማድ ስትናገር ፖሊስ ያዛት፤ ታሰረች፣ ተቀጣችም። በወቅቱ የነጻነትና የሕዝብ መብት እንቅስቃሴ የሚባለው ጎርፍ አገሩን ያጥለቀለቀበት ዘመን ነው፤ እርሷን ሰምተው የተነሡ ሴቶች ብዙ ናቸው።

መንግሥት መልሱን በሕግ ሰጠ። በየካቲት 11 ቀን 1889 ሕገ መንግሥቱ ሲታወጅ አብሮት የወጣው የንጉሣዊ ቤተሰብ ሕግ ዘውዱን ለወንድ ወራሽ ብቻ ወሰነ። ጃፓን እኮ ከዚያ በፊት ስምንት ሴቶች ነግሠውባታል፤ የመጨረሻዋ ጎ ሳኩራማቺ ዙፋን ላይ የወጡት በ1762 ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። እኛ ያንን ሕገ መንግሥት ገልጠን ስንቀዳ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ካረፉ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። ይህን ነገር አንድ የታሪክ ተመራማሪ አስፍቶ ቢጽፈው ደስ ባለኝ።

በ1890 ሴቶች በፖለቲካ ስብሰባ እንዳይገኙና የፖለቲካ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ በሕግ ተከለከሉ። መናገር ይቅርና ቁጭ ብሎ መስማት ወንጀል ሆነ። በ1900 የወጣው የጸጥታ ፖሊስ ሕግ በአንቀጽ 5 ይህንኑ አጸና። በመካከሉ በ1898 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተጠናቀቀ። በዚህ ሕግ አባወራው የቤተሰቡ አባላት የት እንደሚኖሩና ማንን እንደሚያገቡ ይወስናል። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መግባት አትችልም፤ ንብረቷን የሚያስተዳድረው ባሏ ነው። ሚስት ከሌላ ወንድ ብትገኝ ባል መፍታት ይችላል፤ የወንጀለኛ መቅጫውም ያስራታል። ባል ግን የሚነካው ከሰው ሚስት ጋር ተገኝቶ ፍርድ ቤት ከቀጣው ብቻ ነው።

ይህ የቤት ሥርዓት ከየት መጣ? ከሳሙራዮች ቤት። ሳሙራይ ከሕዝቡ ጥቂት እጅ ነበር። የገበሬው፣ የዓሣ አጥማጁና የነጋዴው ቤት በሌላ ልማድ ይኖር ነበር፤ ገበሬ ሴት ከባሏ ጎን ሠርታ ታድራለች፤ ፍቺና ዳግም ጋብቻ እንደ ነውር አይታይም። የጥቂቶቹ ደንብ የሁሉም ሕግ ሆኖ የተጫነው በሜይጂ ዘመን ነው፤ ከዚያም «ባህላችን» ተባለ። «መልካም ሚስት፣ ብልህ እናት» የሚለውን የትምህርት ቤት መፈክር እንኳን ተመልከቱት። ከሐሳቡ አባቶች አንዱ የሚባሉት ናካሙራ ማሳናኦ በለንደን ኖረው የተመለሱና ስለ ነጻነት የተጻፉ የእንግሊዝ መጻሕፍትን ወደ ጃፓንኛ የመለሱ ምሁር ናቸው። መፈክሩ ከገጠር አያቶች አፍ የተወሰደ አልነበረም።

በትምህርቱ ላይ ግን ፍርዴ የተደባለቀ ነው፤ ምክንያቱም በሩን የዘጋው መንግሥት ራሱ መስኮቱን ከፍቶ ነበር። በታኅሣሥ 1871 መንግሥት ወደ አሜሪካና አውሮፓ ከላካቸው ከኢዋኩራ መልእክተኞች ጋር ከዮኮሃማ በመርከብ የተሳፈሩ አምስት ሴት ልጆች ነበሩ፤ ታናሿ ጹዳ ኡሜኮ ስድስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ ተላኩ፤ ከዚያ ተረሱ። ኡሜኮ በ1882 ስትመለስ የአገሯን ቋንቋ ረስታለች፤ የላካት መንግሥትም ምን እንደሚያሠራት አላሰበበትም። አብራት የሄደችው ያማካዋ ሱቴማጹ፣ ከኮሌጅ በዲግሪ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ሆና ሳለ፣ የጦር ሚኒስትሩን ኦያማ ኢዋኦን አገባች። ኡሜኮ ግን አላገባችም። በመሳፍንት ልጆች ትምህርት ቤት አስተማረች፤ ዳግመኛ አሜሪካ ሄዳ የሥነ ሕይወት ትምህርት ተማረች፤ በ1900 በ10 ተማሪዎች የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ኦጊኖ ጊንኮም አለች። በ16 ዓመቷ ተዳረች፤ ከባሏ ጨብጥ ያዛት፤ ተፋታች፤ በወንድ ሐኪሞች ፊት ስትታከም የተሰማትን ኀፍረት ሌላ ሴት እንዳይደርስባት ሐኪም ለመሆን ቆረጠች። ለፈተና ስታመለክት «ሴት ሐኪም ሆና አታውቅም» ተባለች። እርሷና ደጋፊዎቿ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረውን የአገሪቱን የሕግ መጽሐፍ ገልጠው ሴት ሐኪሞች እንደ ነበሩ አሳዩ። በ1885 ፈቃድ አገኘች። ጥንቱን ጠርተው አዲሱን ረቱት።

መንግሥት በ1899 በየጠቅላይ ግዛቱ ቢያንስ አንድ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አዘዘ። ስፌትና የቤት አያያዝ ሰፊውን ሰዓት ይወስዱ ነበር፤ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር መንገድም አልነበረም። ከታች ግን ትልቅ ለውጥ መጣ፤ በ1910 ገደማ ከ100 ሴት ልጆች ከ90 በላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመዝግበው ነበር። ሕፃን የማዘል ሥራ ላላቸው ድኻ ልጆች የተለየ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተከፍቶ ነበር፤ ሕፃኑን በጀርባቸው እንዳዘሉ ፊደል ይቆጥራሉ። ያነበበች ሴት ደግሞ የሚሰጧትን ብቻ አታነብም። በ1911 ሂራጹካ ራይቾና ጓደኞቿ «ሴይቶ» የሚባለውን መጽሔት አወጡ፤ ሴቶች የሚጽፉት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ውርጃና ስለ ንጽሕና ያለ ይሉኝታ የሚከራከር መጽሔት። መንግሥት አንዳንዱን እትም ከገበያ ሰበሰበ። በዚያው ዓመት በጥር ካኖ ሱጋ ንጉሠ ነገሥቱን ለመግደል አሲራለች ተብላ ከ11 ወንዶች ጋር የሞት ቅጣት ተፈጽሞባታል፤ ከተገደሉት መካከል ብቸኛዋ ሴት ናት።

መምህራን ሆይ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢኖራችሁ ግን የ1918ን የሩዝ ዐመፅ አስተምሩ። ሩዝ ተወደደ፤ ነጋዴ አከማቸ፤ ጦሩ ወደ ሳይቤሪያ ሊዘምት ነው እየተባለ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። በሐምሌ በቶያማ ባሕር ዳር በኡዎዙ የዓሣ አጥማጆች ሚስቶች ሩዙ ወደ ሌላ ከተማ በመርከብ እንዳይጫን ለማገድ ተሰበሰቡ። ጆንያውን በጀርባቸው ተሸክመው መርከብ ላይ የሚጭኑት እንዲህ ያሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከቤታቸው የጎደለውን ሩዝ በገዛ ጀርባቸው ወደ ውጭ መላክ አንገሸገሻቸው። ወሬው በጋዜጣ ወጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኪዮቶ፣ ናጎያ፣ ኦሳካ፣ ኮቤ ነደዱ፤ ወታደር ወጣ። በመስከረም የጠቅላይ ሚኒስትር ተራውቺ ካቢኔ ወደቀ። የፖለቲካ ስብሰባ ላይ መቀመጥ በሕግ የተከለከሉ ሴቶች የጀመሩት ነገር መንግሥት ጣለ። ሥልጣን የሚገኘው በሚኒስትር ወንበር ላይ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልለፈው። በ1922 በራይቾ፣ በሴቶች መብት ታጋይዋ በኢቺካዋ ፉሳኤና በባልደረቦቻቸው ግፊት የጸጥታ ፖሊስ ሕጉ አንቀጽ 5 ተሻሽሎ ሴቶች ስብሰባ ላይ መገኘትና መናገር ተፈቀደላቸው፤ ፓርቲ መግባት ግን አልተፈቀደም። በ1925 የምርጫ መብት ለወንድ ሁሉ ተሰጠ። በ1931 ለሴቶች የተወሰነ የአካባቢ ምርጫ መብት የሚሰጥ ረቂቅ የታችኛውን ምክር ቤት አልፎ በመሳፍንቱ ምክር ቤት ወደቀ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን የደረሱት በዚያው ዓመት ነው። በመስከረም የማንቹሪያ ጦርነት ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት በኦሳካ ነጭ ሽርጥ የታጠቁ ሴቶች ወታደር ሲሸኙ የተጀመረው የአገር መከላከያ ሴቶች ማኅበር ሚሊዮኖችን አሰለፈ። ይህ የማይመች ምዕራፍ ነው፤ ብዙ የቤት እመቤቶች ከአማታቸው ዓይን ርቀው አደባባይ የወጡት በጦርነቱ ሰበብ ነበር፤ ኢቺካዋ ራሷ ከመንግሥት ጋር ሠርታለች፤ ከጦርነቱም በኋላ ለዚህ ሲባል ለጥቂት ዓመታት ከሕዝባዊ ሥራ ታግዳለች። የጃፓን ጦር ደግሞ የኮሪያንና የሌሎች አገሮችን ሴቶች ለወታደር ወሲባዊ ባርነት ዳርጓል። ሴቶቹን ወደ ትረካው አስገቡ ስል እነዚህንም ጨምሬ ነው፤ የጀግኖች ዝርዝር ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

ድምፅ የመስጠት መብት የተገኘው ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈች በኋላ በታኅሣሥ 1945 ነው፤ በሚያዝያ 10 ቀን 1946 ምርጫ 39 ሴቶች ምክር ቤት ገቡ። በባልና ሚስት መካከል እኩልነትን ያወጀውን የአዲሱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 ያረቀቀችው ቢያቴ ሲሮታ የምትባል የ22 ዓመት ወጣት ናት፤ ቶኪዮ ያደገች፣ በአሜሪካ ጦር ሥር የምትሠራ። በእኛ አገር ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1957 ለፓርላማ ሲመረጡ የጃፓን ሴቶች መምረጥ ከጀመሩ ገና 11 ዓመታቸው ነበር። «ጃፓን የት በደረሰች» እያልን የምንቆዝመው ሁሉ በሁሉም ነገር ልክ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የመጽሐፍ አዘጋጆች፣ የሜይጂ ምዕራፍ ላይ ስለ ኢንዱስትሪ የሚያወራው አንቀጽ ውስጥ የኦካያን ፈታዮች አስገቡ፤ በምዕራፉ መጨረሻ በሣጥን ተከብቦ «ሴቶች በጃፓን» የሚል ርእስ እንዳትሰጧቸው፤ ከኢኮኖሚው ውጪ አልነበሩምና። ስለ ሕገ መንግሥቱ ስትጽፉ ከ1889 ጎን የ1890ን እገዳ አስቀምጡ። ባልደረቦቼ መምህራን፣ ኩሱኖሴ ኪታን የሜይጂውን ሕገ መንግሥት ባስረቀቁት በኢቶ ሂሮቡሚ ልክ ለፈተና አቅርቧቸው፤ ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው።

የሥልጠና መድረክ ተናጋሪዎች ዘንድ ያለኝ ጉዳይ ደግሞ የዛሬ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በመስፊያ መኪና ፊት ተቀምጠዋል። ሐዋሳ ኦካያ ናት አላልሁም፤ ዘመኑም ሕጉም ሌላ ነው። ነገር ግን «ጃፓን በትጋት አደገች» ብላችሁ ለእነዚህ ልጆች ስትነግሩ የጃፓን ልጆች በ1886 ለምን ከፋብሪካ እንደ ወጡም ንገሯቸው። ለአሠሪዎቹ ደግሞ የደመወዙን ስሌት፣ የማደሪያውን በርና የውሉን ፊርማ እያነሣችሁ ጠይቋቸው፦ ልጅቱ ከአንድ ወር ደመወዟ የቤት ኪራይና ምግብ ከፍላ ምን ይተርፋታል? ብትታመም ማን ያሳክማታል? ልልቀቅ ብትል ምን ታጣለች?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የምትሰጡትን መልስ በጽሑፍም ሆነ በመድረክ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር